ከግድግዳው ላይ ያወረድሁት ሥዕል

በዚህ የቤተሰብ ዐምድ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ቁጠባ፣ ስለ ባልና ሚስት መቻቻል ብዙ ቁም ነገር ሲጻፍ ቆይቷል። እኔም ከአንባቢዎቹ አንዷ ነኝ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ምክር ለመስጠት ሳይሆን አንድ ጥፋቴን ለመናገር ነው። ጥፋቱ ፍርድ ቤት የሚያስቆም አይደለም። ሳላስፈቅድ የወሰድሁት ዕቃም ገበያ ቢወጣ አምስት ሳንቲም አያወጣም፤ ግሉኮስ የመጣበት ካርቶን ቁራጭ ነው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲያ ያለ ካርቶን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ነው። በሻለቃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል የእጅ ጽሑፉ በጦር ሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቱን ከያዘው በኋላ እንኳ የሠርግ ጥሪ የሚያስጽፍ፣ በምስክር ወረቀት ላይ ስም የሚያስሞላ፣ ለእጮኛው የሚልከውን ደብዳቤ የሚያስገለብጥ ወጣት ወታደር ሳይቀር ወደ ቤታችን ይመጣ ነበር። ፊደሎቹ እንደ ሰልፈኛ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ አንዱ ከአንዱ አያንስም። እውነቱን ለመናገር እኔም ባጨኝ ጊዜ ከመልኩ በፊት የወደድሁት ጽሑፉን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር ለሥራ ሲጓዝ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው አልነበረም። የባለቤቴ ግን የግራ ጭኑ አጥንት ተሰበረ፤ የቀኝ ትከሻው ነርቭም ክፉኛ ተወጥሮ ስለ ነበር ክንዱ እስከ ጣቶቹ ድረስ አልታዘዝ አለው። ሆስፒታል ስደርስ ከጉልበቱ በታች ብረት አልፎበት፣ እግሩ በገመድና በክብደት ተስቦ፣ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። ሐኪሙ «አጥንቱ ይገጥማል፤ የእጁን ነገር ግን ጊዜ ያሳየናል» አሉኝ። ሰባት ሳምንት እንደዚያ ተኛ።

በጀርባው የተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ጣራውንና ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ። የዚያ ክፍል ግድግዳ ከወገብ በታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ነጭ ነበር። ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የነጩን ቀለም ስንጥቅ ሁሉ ቆጥሮ ጨርሶ፣ የትኛው ስንጥቅ የዐባይን መታጠፊያ እንደሚመስል ለጠያቂ ሁሉ ያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ማሳየቱንም ተወ።

የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሲስተር ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከሰልፍ ሜዳ የመጣ ይመስላል፤ ሲያስታምሙ ግን እናት ናቸው። እኚህ ሴት ባዶ ካርቶን አይጥሉም። በመቀስ እየቆረጡ፣ ጽሑፍ የሌለበትን ገጽ ወደ ላይ አድርገው በየአልጋው ራስጌ ያኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸው የተረፋቸውን ባለቀለም እርሳስ በመድኃኒት ጣሳ አጠራቅመው በየቀኑ ያዞራሉ። «ሣሉ» ብለው አያዙም፤ ጣሳውን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሥሎ «ይሰቀልልኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ በቁስል ፕላስተር አራቱን ማዕዘን ይዘው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ይለጥፉለታል። ከፍታውንም የሚመርጡት ለቆመ ጠያቂ እንዲመች አልነበረም። ራሳቸው ከአልጋው አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ በተኛው ሰው ዐይን ልክ አይተው ነው።

እኔ መጀመሪያ ነገሩን እንደ ጨዋታ ቆጠርሁት። ከአፋር ምድር የመጣ አንድ ወታደር ግመሎች ሥሏል፤ እውነትም የሚራመዱ ይመስሉ ነበር። አንድ ዐሥር አለቃ የእናቱን ጎጆ ከነአጥሩ ሥሏል። አንድ የወጥ ቤት ባልደረባ ደግሞ ሦስት ጊዜ የሣለው ያንኑ ድስት ነው፤ በሦስተኛው ላይ ክዳን ጨመረለት። ድስቱ ለክፍሉ ሰው ሁሉ የሳቅ ምንጭ ሆኖ «ዛሬስ ምን ተሠራ?» እየተባለ ይጠየቅ ነበር።

ባለቤቴ በአራተኛው ሳምንት በግራ እጁ እርሳስ ያዘ። ሁለት ቀን ሙሉ ሣለ። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር አገልግል ይዘን ስንገባ ሥዕሉ ከግመሎቹ ጎን ተለጥፎ አየሁት።

በጦር ሰፈሩ ውስጥ ያለችው ቤታችን ናት። ቆርቆሮው ወደ አንድ ወገን ተንሸራትቷል። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ራሷ ከጣራው ይበልጣል፣ ጣቶቿ እንደ መንሽ ተበታትነዋል፣ አንዱ እግሯ ከሌላው ይረዝማል። ከሥሯ «ቤቴ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ «ቤ» ወደ ኋላዋ ልትወድቅ ነው፣ «ቴ» ቀለበቷን ጥላለች። ከዚያ በታች ማዕርጉና ስሙ ሙሉ በሙሉ ተጽፏል። አንዷ ጎረቤቴ በክፋት አይደለም፣ «ውይ! ይህቺ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሌላይቱም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ያ እንደ ሰልፈኛ የቆመ ፊደል ትዝ አለኝ። ሠርጉን ያስጻፈ፣ ምስክር ወረቀቱን ያስሞላ ሰው ሁሉ ነገ ሊጠይቀው መጥቶ ይህን ሊያይ ነው ብዬ አሰብሁ።

ጎረቤቶቼ ከወጡ በኋላ ወደ ሲስተር ቀርቤ፣ «ሲስተር፣ ያችን ሥዕል ቢያነሡልን ምን ይመስልዎታል? ባለቤቴ ጸሐፊ ነው፤ ሰው ያየው እንደ ሆነ ይታዘበዋል» አልኋቸው።

ሲስተር መርፌ እያዘጋጁ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ስቀሉልኝ ያለ እርሱ ነው፤ አውርዱልኝ ካለም እርሱ ይበለኝ» አሉኝ።

እኔ ግን እርሱን አልጠየቅሁትም። ማክሰኞ ዕለት ባለቤቴን ከነአልጋው እየገፉ ወደ ራጅ ክፍል ሲወስዱት፣ ሲስተርም አብረው ሲወጡ፣ ተነሥቼ ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥሁት። ካርቶኑን ሁለት ቦታ አጥፌ ከአገልግሉ ሥር ከተትሁት። በአጠገቡ ያለው አልጋ ላይ አንድ እግራቸውን ያጡ በዕድሜ የገፉ ወታደር ተኝተው ነበር፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ስለ ነበር እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

ባለቤቴ ሲመለስ አልጋው ገና ቦታውን ሳይዝ ዐይኑ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደ። በቦታው አራት የፕላስተር ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር። ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልሁም። ቡናውን ቀዳሁለት፣ ጠጣ፣ ሲመሽ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳሱን አልነካም። የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው «ጨርቅ ጭመቅበት» ብሎ ለግራ እጁ የሰጠውን ልምምድ ተወ። የወሰድሁለትን ምግብ ግማሹን ይመልሰው ጀመር። እኔ ሕመሙ የጠናበት መስሎኝ ከሐኪም ሐኪም እሮጣለሁ፤ ሐኪሞቹ ግን በራጁ ላይ አጥንቱ በደንብ እየያዘ መሆኑን ያሳዩኛል። በዘጠነኛው ቀን እኒያ ሽማግሌ ወታደር በእጃቸው ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ባልሽ ሥዕሉ ተሰቅሎ በነበረ ጊዜ ማታ ማታ ምን ይቆጥር እንደ ነበር ታውቂያለሽ? ቆሞ ያየለትን ሰው ነው። ‹ዛሬ ሰባት› ይለኛል። ‹ዛሬ ዐሥራ አንድ፤ ጽዳት የምትሠራዋ ሁለት ጊዜ ቆመች› ይለኛል። እዚህ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚያየው የእኔን ጉቶና የእርሱን ብረት ነው። ሥዕሉን ለማየት ግን ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ይቆማሉ። አሁን የበላይ ሰዎች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ ስለ ነበር ‹አስቀያሚ ነው ብለው አንሥተውብኛል› ብሎ ዝም አለ። እኔ ያየሁትን አልነገርሁትም። መንገሩ የአንቺ ነው።»

ለካ አልተኙም ነበር።

በዚያች ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ካርቶኑን ከደበቅሁበት አውጥቼ በመብራት አየሁት። እሑድ ዕለት ያየሁት የሴትዮዋን ራስና የጠመመውን ፊደል ብቻ ነበር። አሁን ግን ከበሩ ሥር ያሉትን ደረጃዎች አየኋቸው። ቤታችን ከመሬት ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሦስት የሲሚንቶ ደረጃ አላት። ጣራውን በአንድ መስመር የገላገለው ሰው ደረጃዎቹን ግን አንድ በአንድ፣ በሦስት ዓይነት ቀለም፣ ጠርዛቸውን እየደጋገመ አድምቆ ሥሏቸዋል። ሦስተኛው ጥግ ላይ ያለው የተሸረፈ ቦታ እንኳ አልቀረም። አራት ሳምንት በጀርባው ተኝቶ ሲያስብ የነበረው ያችን ደረጃ እንዴት እንደሚወጣት ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በጦር ሰፈሩ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍል ልጆች የሣሉትን ሁሉ፣ ራሱ ከጣራ የበለጠውን ሰው ሁሉ፣ በየዓመቱ በክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ወላጅ ሲመጣ በጣቴ እያመለከትሁ አሳያለሁ። ይህን ሁሉ ሳደርግ የኖርሁ ሴት የገዛ ባሌን ሥዕል አጥፌ ከአገልግል ሥር ከተትሁ።

በማግሥቱ ካርቶኑን አልጋው ላይ አኖርሁለትና እውነቱን ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ፣ «ለምን?» አለኝ።

«አፍሬ ነው» አልሁት።

«እኔ እኮ አላፈርሁም» አለኝ።

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ከዚያ በላይም አላስፈለገም። የታጠፈውን በካውያ ልተኩሰው ብለው፣ «ተዪው፣ ይገማሸራል» ብሎ ከለከለኝ። ሲስተር አንዲት ቃል ሳይናገሩ የፕላስተሩን ጥቅል በእጄ አኖሩልኝ፤ የላጥሁትን ራሴ መልሼ ለጠፍሁት። በማግሥቱ ባለቤቴ ጨርቁን መጭመቅ ጀመረ።

እነሆ፣ ውድ አንባቢያን፣ ሥዕል አጥንት ይጠግናል ልላችሁ አይደለም። አጥንቱን የጠገነው ብረቱ፣ ክብደቱና ጊዜው ነው። ነገር ግን ነገሩ ከኅሊናዬ አልወጣ ስላለ፣ ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ስለ በሽተኞች ሥዕል ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ። ካነበብሁት ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

በሀገራችን ሕመምና ሥዕል የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በጥንት ጊዜ ደብተራዎች ለሕመምተኛ በሚያዘጋጁት የብራና ጥቅል ላይ ከጸሎቱ ጋር ትልልቅ ዐይን ያላቸው መላእክት ይሣሉ ነበር፤ የጥቅሉም ርዝመት በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይደረግ እንደ ነበር ሊቃውንት ጽፈዋል። ጥቅሉ በሕመምተኛው ዐይን ፊት ይሰቀል ነበር። በዚህ ልማድ ግን ሕመምተኛው ተመልካች ነው፤ ሠዓሊው ሌላ ሰው ነው።

ሕመምተኛው ራሱ ይሣል ብለው በብዕር ከተከራከሩት መካከል ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው እንግሊዛዊው አድሪያን ሂል የቀድሞ ወታደር መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በምዕራቡ ግንባር ከምሽግ ምሽግ እየተሹለከለከ የጠላትን ይዞታ በእርሳስ ሲነድፍ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሚድኸርስት በምትባል ቦታ በሚገኝ የነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ተኛ። የዚያን ጊዜ የነቀርሳ ሕክምና በአመዛኙ መተኛትና ንጹሕ አየር ነበር፤ ፍቱን መድኃኒቱ ገና አልተገኘም። ሂል ተኝቶ በአልጋው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይሥል ጀመር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከግንባር ወደዚያ የሚመጡትን ቁስለኞች እንዲያስተምር ተጠየቀ። ሥዕልን ከሕክምና ጋር አቆራኝቶ የሚጠራውን ስያሜ በ1942 ያወጣው እርሱ ነው ይባላል፤ በ1945 ደግሞ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተመ። በእንግሊዝ ቀይ መስቀል አማካይነትም የታወቁ ሥዕሎች ቅጂ በየሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ በውሰት እንዲዞር አደረገ።

በዚያው የቀይ መስቀል ሥራ ይረዳ የነበረው ኤድዋርድ አዳምሰን በ1946 ኔዘርን በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተቀጥሮ እስከ 1981 ድረስ ሠራ። ይህን ሰው የወደድሁት ሲስተርን ስለሚመስለኝ ነው። ለሕመምተኛው ወረቀትና ቀለም ያቀርብለታል፤ «ይህን ሣል» አይለውም፣ የሣለውንም «ትርጉሙ ይህ ነው» ብሎ አይፈርድበትም። በ1956ም በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የሕመምተኞቹ ሥራዎች የሚታዩበት አዳራሽ ተከፈተ። ሰው ያበደ ዘመዱን በሚደብቅበት ዘመን ሕመምተኛው «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚያቆምበት ግድግዳ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና መስቀል ሁሉ መልካም አይደለም። በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ ሃንስ ፕሪንትስሆርን የተባለ ሐኪም ከ1919 እስከ 1921 ባለው ጊዜ በየአእምሮ ሆስፒታሉ የተኙ ሰዎች የሠሩትን ወደ 5,000 የሚደርስ ሥራ ሰበሰበ፤ በ1922 ስለዚሁ ያሳተመው መጽሐፍም ታላላቅ ሠዓሊዎችን አስደነቀ። ነገር ግን ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከዚያው ስብስብ ወስደው በ1938 በዘመናዊ ሠዓሊዎች ሥራ ጎን ሰቀሉት። ዓላማቸው ሁለቱንም ለማዋረድና «እዩ፣ ዘመናዊው ሠዓሊ ከእብድ በምን ይለያል?» ለማሰኘት ነበር። ከሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ሕሙማንን ለማጥፋት በወጣው የናዚዎች ዕቅድ ተገደሉ። ያ ሥዕል በሐኪሙ እጅም በናዚዎች እጅም ያው ሥዕል ነው፤ የሰቀለው ሰው ልብ ግን ሌላ ነው። ይህን ሳነብ የጎረቤቶቼ ሳቅ ትዝ አለኝ። የእነርሱ ሳቅ ከዚያ ክፋት ጋር በምንም አይወዳደርም፤ ሆኖም ሲስተር «እርሱ ይበለኝ» ያሉበት ምክንያት የዚያን ጊዜ ገባኝ።

ለእኛ ለሴቶች ደግሞ ከዚያ ስብስብ ውስጥ ልብ የሚነካው የአንዲት ልብስ ሰፊ እጅ ሥራ ነው። አግነስ ሪሽተር ትባላለች። በአእምሮ ሆስፒታል ሳለች፣ ወደ 1895 ገደማ፣ ከሆስፒታሉ ጨርቅ ለራሷ ጃኬት ሰፍታ ውስጡንም ውጪውንም በባለቀለም ክር ጽሑፍ ጠለፈችበት። ጽሑፉ ተደራርቦና በልብሱ ግጭት ተፍቆ ዛሬ አብዛኛው አይነበብም። በሙዚየም ተቀምጦ በሚታይበት ፎቶግራፍ ላይ እጅጌዎቹ እንደ ለባሿ ክንድ እጥፍ እንዳሉ ናቸው። እኔ ፎቶግራፉን ሳይ የታየችኝ፣ ከታማሚዎች ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳ «እኔ እከሊት ነኝ» የምትል ሴት ናት። እኛ የነጠላ ጥበብና የትራስ ጥልፍ የምንጠልፍ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሙዚየም መሄድ አያስፈልገንም።

ሳይንሱስ ምን ይላል? በዚህ ላይ ጥንቃቄ እወዳለሁ፤ ሰው የወደደውን ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው ማለት ይቀናዋል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 ያወጣው ጥናት በሰፊው ይጠቀሳል። በፔንስልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ቀድመው ወጡ፤ ኃይለኛ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ይህ እንግዲህ ስለ ዛፍ እንጂ ስለ ሥዕል አይደለም። ቆይቶ እርሱና ባልደረቦቹ በስዊድን ኡፕሳላ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች ፊት የተለያየ ሥዕል ሰቅለው ሲያዩ፣ ውሃና ዛፍ ያዩት ጭንቀታቸው ቀለል አለ፤ ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ረቂቅ ሥዕል ያዩት ግን ምንም ካልተሰቀለላቸው ይልቅ ተጨነቁ። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ3,000 የሚበልጡ ጥናቶች የተቃኙበት ዘገባ አውጥቶ ኪነ ጥበብ ለጤና የሚጠቅምባቸውን ብዙ መንገዶች ዘርዝሯል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ የማልረሳው «ዛሬ ዐሥራ አንድ» የሚለውን ነው።

በሲስተር ክፍል ያልተሰቀለ ሥዕልም እንደ ነበር መንገር አለብኝ። መኪናው ተገልብጦበት የተጎዳ አንድ ወጣት ሾፌር ነበር፤ የእኛ አይደለም፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በየቀኑ የሚሥለው ያንኑ መኪና ነው፤ ጎማው ወደ ሰማይ ዞሮ። ሥሎ ሲጨርስ ገልብጦ ለሲስተር ይሰጣል። ሲስተር ሳያገላብጡ ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈው ያኖሩለታል። «ይሰቀል?» ብለው አንድ ቀን አልጠየቁትም። ስለ ማን ምን ሣለ ክፍሉ ሁሉ ሲያወራ ስለዚያ መሳቢያ ግን የሚያወራ አልነበረም። ልጁ ሊወጣ ሲል ሁሉንም ቆጥሮ ተረከበ፤ ምን እንዳደረጋቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ታማሚ ልጠይቅ ስሄድ ከብርቱካኑ ጋር ጥቂት ወጣ ያለ ወረቀትና እርሳስ እይዛለሁ። የእርሳስ መቅረጫም አትርሱ፤ በአንድ እጁ የሚሥል ሰው መቅረጫው ከጣውላ ላይ ካልታሰረለት መቅረጽ አይችልም። ይህን የተማርሁት ባለቤቴ እርሳሱን በጥርሱ ሲልጥ አይቼ ነው። የረጠበ ወይም ቁስል የነካው ወረቀት መጣል አለበት፤ በዚህ ሲስተር ምሕረት የላቸውም። ግድግዳ ላይ ለመለጠፍም ኃላፊውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ቀለም ይላጣል ብሎ የሚቆጣ ግምጃ ቤት ኃላፊ በየትም አይጠፋም። በሴቶቹ ክፍል እርሳስ የማትወድ ካለች ክርና መርፌ፣ ወይም ለስፌት የሚሆን አክርማ ውሰዱላት። አክርማው ግን በውሃ መራስ ስላለበት አስታማሚዋን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ባለቤቴ በመጋቢት መጨረሻ በአንድ ምርኩዝ ከሆስፒታል ወጣ። ሲስተር ሥዕሉን ሊያወርዱለት ፕላስተሩን ሲይዙ፣ «ይቆይ» አላቸው። እኔ ወደ ቤት እንድንወስደው ፈልጌ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ሥዕል ላይ ፈቃድ የመስጠት መብቴን ቀደም ሲል ስላጠፋሁት ዝም አልሁ። የቀኝ እጁ ጣቶች ከብዙ ወራት በኋላ ጥቂት ጥቂት መታዘዝ ጀመሩ እንጂ ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። አሁን በንብረት ክፍል ይሠራል፤ የሚጽፈው በግራ እጁ ነው። ፊደሎቹ ዛሬም ወደ ኋላ ያዘነብላሉ።

ከወጣ ከአምስት ወር በኋላ ለምርመራ ተመልሰን ስንሄድ ሲስተርን ሰላም ልንል ወደዚያው ክፍል ገባን። ግመሎቹ ሄደዋል፤ ድስቱ አለ። የእኛም ቤት ከነእጥፋቷ በቦታዋ ናት። በባለቤቴ አልጋ ላይ ሁለት እግሩን የተሰበረ አንድ ለጋ ወታደር ተኝቷል። ሲስተር «የዚያች ቤት ባለቤት እኚህ ናቸው» ብለው ባለቤቴን ሲያሳዩት፣ ልጁ ከትራሱ ቀና ለማለት ታገለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እነዚያን ደረጃዎች ወጧቸው?» አለው።

«ወጣኋቸው» አለው ባለቤቴ፤ «ሦስተኛው ላይ ግን ጥጉ የተሸረፈ ስለ ሆነ በቀኝ በኩል ነው የሚረገጠው።»